ጊታር በመለከት መካከል

የካ ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ስለ እንጨት ቢያወራ አይፈረድበትም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከእንጦጦ እስከ ኮተቤ ያለውን ዳገት ሞልቶታል። ማገዶ ሆኖልናል፣ ቤት ሠርተንበታል። ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ በገና ጠራቢው ዋንዛን የሚመርጠው ወዶ አይደለም። አሜሪካኖቹም ለጃዝ ጊታራቸው እንዲሁ መርጠዋል፤ ለፊቱ ስፕሩስ የሚባለውን የጥድ ዘመድ፣ ለጀርባው ሜፕልን።

ይህ ጊታር ሆዱ ክፍት ነው። ፊቱ እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ተደርጎ ይቀረጻል፤ ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳዎችም አሉት። ጊብሰን ኤል-5 የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1922 ሲያወጣ ለጌጥ ብሎ አልነበረም። ከመለከትና ከሳክስፎን ጎን የተቀመጠ ጊታር ተጫዋች ማን ይሰማዋል? በካውንት ቤዚ ባንድ ፍሬዲ ግሪን ከ1937 እስከ 1987 ድረስ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ እንዲህ ባለ ጊታር ምቱን ጠብቆ ኖረ። ለብቻው ወጥቶ የተጫወተበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ባንዱ ግን በእሱ ላይ ይራመድ ነበር።

እኛ ዘንድ ቀድሞ የመጣው መለከቱ ነው። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት አዲስ አበባ የገቡት በ1924 ነው፤ ከኤል-5 ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ጊታር በባንዶቻችን ጎልቶ መሰማት የጀመረው ግን ኤሌክትሪኩን ይዞ ከመጣ በኋላ ነው።

በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጣ፤ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ዋለ። የሚገርመው፣ ባንዱ ጊታር አልነበረውም። ፍሬዲ ጋይ እ.ኤ.አ. በ1949 ሲወጣ ኤሊንግተን ቦታውን ሳይተካ ተወው። በዚያው በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፣ ኤሊንግተንም አረፈ። ቀጥሎ ሰዓት እላፊ መጣ፤ ሌሊቱ ሲዘጋ የባንድ ሰው እንጀራም አብሮ ተዘጋ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የዘፋኙን ስም ሁላችንም እንጠራለን፤ ጊታሩን የመታውን ግን «ባንዱ» ብለን እናልፈዋለን። ጠይቆ መመዝገብ ይቻል ነበር፤ አሁንም በሕይወት ያሉ አሉ። ቤቴ ባሉት ሸክላዎች ሽፋን ላይ የደረስኩባቸውን ስሞች በእርሳስ ጽፌያለሁ። ያልተጻፈባቸው ይበዛሉ።