ቃልም መንገደኛ ነው

 

የዛሬውን ርእስ ያስነሳብኝ በጋይንት በኩል ያጋጠመኝ አንድ ነገር ነው። ከመስጊድ ደጃፍ አንዲት እናት ለጎረቤታቸው «የፊታችን ዐርብ ገበያ እወርዳለሁ» ሲሉ አንድ ወጣት ሰማቸው። «እማማ፣ ዐርብ አይበሉ፤ ጁምዓ ይበሉ። ዐርብ የክርስቲያን ቃል ነው» አላቸው። እናታችን ደነገጡ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስሳሳት ኖሬአለሁ ማለት ነው?» ብለው ዝም አሉ። ወጣቱ ለዲኑ ተቆርቁሮ ነው፤ ንያው መልካም ነው። ግን የተናገረው እውነት ነውን?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በግእዝ «ዐረበ» ማለት ፀሐይ ገባች፣ ጠለቀች ማለት ነው። «ምዕራብ» የፀሐይ መግቢያ ነው። በአረብኛም የፀሐይ መጥለቅ «ጉሩብ» ይባላል፤ በየዕለቱ የምንሰግደው «መግሪብ» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ምዕራብና መግሪብ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ከዚህም በላይ፣ ከእስልምና በፊት አረቦች ራሳቸው ይህን ቀን «ዐሩባ» ይሉት ነበር። «ጁምዓ» የሚለው ስም ቦታውን የያዘው በእስልምና ዘመን ነው። ስለዚህ ጁምዓ ማለት የተወደደ ነው፤ ዐርብ ማለት ግን ነውር አይደለም። በታች ጋይንት አርብ ገበያ ወርዶ የሚገበይ ሙስሊምም ከዲኑ አልወጣም።

ውድ አድማጮች፣ ቃል እንደ ሲራራ ነጋዴ ነው። ከአገር አገር ይዞራል፤ በደረሰበት ጭነቱን አራግፎ ሌላ ይጭናል። የአውሮፓ ቋንቋዎች ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። በአረብኛ ዕቃ የሚከማችበት ቤት «መኽዘን» ይባላል። ይህ ቃል በሜዲትራንያን ንግድ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ስፔኖች ከነ«አል»ው ወስደው «አልማሴን» አሉት። ጣሊያኖች «ማጋዚኖ» ብለው ለዕቃ ማከማቻነቱ አቆዩት። በፈረንሳይኛና በሩስያኛ ግን ሱቅ ሆነ። በእንግሊዝኛ የጥይት ማከማቻ ሆነ፤ ቀጥሎም «የዕውቀት ማከማቻ» ለማለት የመጻሕፍት ርእስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1731 ለንደን ውስጥ አንድ ወርሃዊ ጽሑፍ ይህን ስም ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ «ማጋዚን» ማለት መጽሔት ሆኖ ቀረ። የእኛ «መጋዘን» በ«ገ» መነገሩ ከአረብኛው ይልቅ ወደ ጣሊያንኛው ያቀርበዋል። ይህን ንግግር ታትሞ የምታነቡት ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ እንግሊዞች በእጃችሁ ያለውን የሚጠሩበት ስምና የእህል መጋዘናችሁ ስም ወንድማማቾች መሆናቸውን ልብ በሉ።

አውቶቡስ ስንሳፈር የምንጠይቀው «ታሪፍ»ም እንዲሁ ነው። መነሻው አረብኛው «ተዕሪፍ» ሲሆን ማሳወቅ ማለት ነው። መድረሳ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በጣሊያን ወደቦች የዋጋና የቀረጥ ዝርዝር ማሳወቂያ ሆነ። ዛሬ እንግሊዞች ከውጭ በሚገባ ሸቀጥ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ፣ ፈረንሳዮች የዋጋ ዝርዝርን ይሉበታል። ጀርመኖች ሠራተኛና አሠሪ የሚስማሙበትን የደመወዝ እርከን ጭምር ይጠሩበታል። እኛ ጋ የመሳፈሪያ ሒሳብ ነው።

ጉዞው ከአረብኛ ወደ አውሮፓ ብቻ አይደለም። «ጉምሩክ» ከላቲን ተነሥቶ በግሪክና በቱርክ ቋንቋ አልፎ የመጣ ነው። የላቲኑ ቃል ንግድ ማለት ነበር፤ የእንግሊዞችና የፈረንሳዮች «ኮሜርስ» ከዚያው የተገኘ ነው። እነሱ ዘንድ ንግድ እንደሆነ ቀረ፤ እኛ ዘንድ የንግዱ ቀረጥ ሆነ።

አሁን ወደ ራሳችን ስም እንምጣ። በጎንደር አገር ሙስሊሙ ለረጅም ዘመን «ነጋዴ» እየተባለ ሲጠራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን በጎንደር ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። የእርሻ ርስት ለሙስሊሙ በአብዛኛው የተከለከለ ስለነበር መተዳደሪያው ንግድና ሽመና ሆነ። የገጠር መሬት አዋጅ እስከታወጀበት እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. ድረስ ስሙ ሥራን ብቻ ሳይሆን መሬት አልባነትንም ያስታውስ ነበር። ሥሩን ስንመረምር ግን «ነገደ» በግእዝ ተጓዘ ማለትም ነው፤ «እንግዳ» የሚለው ቃል ከዚሁ ይወለዳል። ትግርኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ዓመታዊ ክብረ በዓላቸውን «ንግደት» ይሉታል። እነሱ ዘንድ የበዓል ስም የሆነው ቃል እኛ ላይ የመለያ ስም ሆኖ ነበር። እንግዲህ ቃሉ ምን በደለ? ሸክሙን የጫነበት ሰው ነው።

ዑለማዎቻችንም በዚህ ጉዳይ ተነጋግረዋል። ኢማም ሱዩጢ (በ911 ሒጅራ ያረፉ) በ«ኢትቃን» ኪታባቸው ከሐበሻ ቋንቋ ጋር የተያያዙ የቁርኣን ቃላትን ዘግበዋል። በሱረቱ ኑር ያለው «ሚሽካት» አንዱ ነው፤ የእኛ «መስኮት» ዘመዱ ነው። በሱረቱል ሐዲድ ያለው «ኪፍለይን» «ክፍል» ከምንለው ጋር ይገጥማል። ኢማም ሻፊዒይ በቁርኣን ውስጥ ከአረብኛ ውጭ ቃል የለም ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል። አቡ ዑበይድ (በ224 ሒጅራ ያረፉ) ግን አስታረቁት፦ ቃላቱ በመነሻቸው የሌላ ሕዝብ ነበሩ፤ አረቦች ተቀብለው በአንደበታቸው አረቧቸው፤ ወሕዩ ሲወርድ አረብኛ ሆነው ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ወንድሞቼ፣ ቁርኣን የወረደበት አንደበት እንኳ ከጎረቤት የመጣን ቃል ተቀብሎ የራሱ ካደረገ፣ እኛ አንዲትን እናት «ዐርብ» አሉ ብለን ልናሳፍራቸው ምን መብት አለን?

ይህን ለዚያ ወጣት ነገርኩት። አልተከራከረኝም፤ ሄዶ ዐፉ እንዲሉት ጠየቃቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ እኔ ጁምዓም እላለሁ፣ ዐርብም እላለሁ፤ ብቻ አንተ ሶላቱ አያምልጥህ» አሉት።

ውድ አድማጮች፣ ዲናችንን እንማር፣ አረብኛንም እናጥና። ነገር ግን ከጎረቤት ጋር የምንግባባበትን ቃል በጥርጣሬ ከመጣላችን በፊት ከየት እንደመጣ እንጠይቅ። ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ ዘመድ ሆኖ እናገኘዋለን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።