«የቀን ቅኝት»ን ያደመጡ ወጣቶች

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ሬዲዮ ቤተሰቡን ሁሉ ዙሪያውን ሰብስቦ ያስቀምጥ ከነበረበት ዘመን አንድ ነገር ላውጋችሁ።

ኤድስ ወደ አገራችን ሲገባ ወጣቱን ልናስተምር የተነሣነው በማስፈራራት ነበር። የራስ ቅል፣ አጥንቱ የገጠጠ ሕመምተኛ በየግድግዳው ተለጠፈ። ልጁ አይቶ ይደነግጣል፤ ደንግጦም ያልፋል። በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው እሱን አይመስልማ! እሱ ጤነኛ ነው፤ የወደዳት ልጅም ጉንጯ የቀላ፣ ሳቋ የሚያምር ናት።

ቀጥሎ በየትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ ተቋቋመ። ሚኒ ሚዲያው በእረፍት ሰዓት ያስተምራል፤ የጥያቄ ሳጥንም ይቀመጣል። ስም ያልተጻፈበት፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይገባበታል። «በምራቅ ይተላለፋል ወይ?» የሚለው ቀላሉ ነው፤ መምህሩ ይመልሰዋል። «እንመርመር ስለው አታምኚኝም ወይ ይለኛል፤ ምን ልበለው?» ለሚለው ግን የትኛው ፖስተር መልስ አለው?

እንዲህ ላለው ጥያቄ ታሪክ ያስፈልግ ነበር። ታሪኩም መጣ። በዶክተር ንጉሤ ተፈራ ይመራ የነበረው፣ ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት የኢትዮጵያ ቢሮ በግንቦት 1994 «የቀን ቅኝት» የተባለውን ተከታታይ ድራማ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ጀመረ፤ ለኦሮምኛ አድማጮችም «ዲምቢባ» ነበረላቸው። አማርኛው ብቻ 257 ክፍል ዘለቀ።

ዘዴው ከሜክሲኮው ሚጌል ሳቢዶ የተወሰደ ነው። በእሱ አሠራር ድራማው ውስጥ ደግ ሰው አለ፣ ክፉ ሰው አለ፤ በሁለቱ መካከል የሚወላውል ደግሞ አለ። ልብ በሉልኝ፣ ሚስጥሩ ያለው ወላዋዩ ላይ ነው። ይሳሳታል፣ ይጸጸታል፣ መልሶ ይሳሳታል፤ አድማጩ «ኧረ ተው!» እያለ አብሮት ይጨነቃል። ማንም ቆሞ አይሰብክም። በ«የቀን ቅኝት» ውስጥ ፍቅርተ የምትባለው ብርቱ ልጅ መከራዋን እየተሻገረች ስትሄድ፣ የሰማቻት ልጅ ደግሞ ለራሷ የምትለውን ቃል ታገኛለች። እኔ የወጣት ጤና ትምህርት ማለት ይህ ነው እላለሁ፤ ልጁን እንደ ጥፋተኛ አይቆጣውም፣ እንደሚያስብ ሰው ያወያየዋል እንጂ።

ከአድማጮች ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ጎረፈ። በኋላ በተደረገው ጥናት፣ ድራማውን ከተከታተሉት መካከል ወንዶቹ ካላደመጡት አራት እጥፍ፣ ሴቶቹ ሦስት እጥፍ ለኤችአይቪ ተመርምረው ተገኙ።

ይህን ቁጥር በችኮላ አትለፉት። ያኔ መድኃኒቱ ለአብዛኛው ሰው የማይቀመስ ነበር። «አለብህ» መባል የሞት ፍርድ የመስማት ያህል ይከብድ ነበር፤ ጎረቤት ስኒውን ይለያል፣ አከራይ ልቀቅ ይላል። ያ ሁሉ እያለ ነው እንግዲህ የሃያ ዓመት ልጅ ክንዱን ለመርፌ የዘረጋው። ድፍረት ብዬ የምጠራው ይህንን ነው።

ድራማው ኅዳር 1997 ላይ አበቃ። በዚያው ዓመት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ጀመረ። ሳይመረመር የቆየው ገና ከፍርሃቱ ጋር ሲሟገት፣ ውጤቱን ቀድሞ ያወቀው ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬደውን ምክንያት በእጁ ይዞ ነበር።