ሳልቫጅ በአዋሽ በኩል

ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። እኔ የማስታውሰው ግን ጭነቱን ሰው ገላ ላይ ደርቦ የሚመጣውን ባቡር ነው። ነጋዴዎቹ ሴቶች ከቀረጥ ለማምለጥ ሳልቫጁን፣ ማለትም የፈረንጅ አሮጌ ልብሱን፣ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርበው፣ በዚያ የቆላ ሙቀት፣ የአዋሽን ኬላ ያልፉ ነበር። መርካቶ እኛ ሻጮቹ ዘንድ ሲደርስ ልብሱ የሁለት ሰው ላብ ነበረው፤ የፈረንጁና የእነሱ። በቦንዳ ታስሮ የመጣው ይሻላል፤ እሱ የሚሸተው ናፍታሊን ነው።

ሳይታጠብ እንመርጣለን፤ መጀመሪያ ኪስ፣ ቀጥሎ ብብት፣ ከዚያ ኮሌታ። ብብቱ ቢጫ የሆነ ወደ ርካሹ ክምር ይጣላል። እጃችን ያሳክከናል፣ አቧራው ያስነጥሰናል። አጥበን ብንሸጥስ? ደንበኛ እሺ አይልም። ታጥቦ የተተኮሰ ካየ «ይሄማ የአገር ቤት አሮጌ ነው» ብሎ ይሄዳል። አይፈረድበትም፤ ልዋጭ ባዮች በሳህንና በብርጭቆ ከየሰፈሩ የለወጡት ልብስም የሚሸጠው እዚያው መርካቶ ነበር።