ሞባይል ስልክ በማረሚያ ቤት፦ ከበር ፍተሻ እስከ ሕጋዊ የስልክ መስመር

ሞባይል ስልክ ወደ ማረሚያ ቤት እንዳይገቡ ከሚከለከሉ ዕቃዎች አንዱ ነው። እንደ ስለትና እንደ አደንዛዥ ዕፅ ሁሉ በበር ላይ ይፈተሻል፤ ሲገኝም ይያዛል። ይሁን እንጂ ከሌሎቹ የሚለይበት ጠባይ አለው። ስለት ጉዳት የሚያደርሰው በግቢው ውስጥ ሲሆን ስልክ ግን ታራሚውን ከአጥሩ ውጭ ካለ ከማንኛውም ሰው ጋር ያገናኛል። በመስመሩ ማዶ ያለችው ልጇ የናፈቃት እናት ልትሆን ትችላለች፤ በችሎት ቀርቦ የመሰከረ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል። የቁጥጥሩ ሥራ የሚከብደው አንዱ ስልክ ለሁለቱም ስለሚያገለግል ነው።

በኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎት በ1991 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሲጀመር ስልክ የጥቂቶች ንብረት ነበር። በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ብቻ ከ78 ሚሊዮን በልጠዋል። ቀድሞ ለማረሚያ ቤት ጥበቃ እምብዛም የማያሳስበው ዕቃ ዛሬ በእያንዳንዱ ጠያቂ ኪስ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። በብዙ ቦታ ጠያቂዎች ስልካቸውን በር ላይ ወይም በአካባቢው ባለ ሱቅ አስቀምጠው መግባታቸው የተለመደ ሆኗል።

በኦሮሚያ ክልል የአርሲ ዞን ርዕሰ ከተማ በሆነችው አሰላ የሚገኘው ማረሚያ ቤት ጉዳዩን ለመረዳት ጥሩ ማሳያ ይሆናል። አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጭላሎ ተራራ አቅራቢያ ትገኛለች። ከበቆጂ የሚነሳ ጠያቂ በሳጉሬ በኩል ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በዕለቱ መመለስ ይችላል። ከዞኑ ምሥራቃዊ ወረዳዎች፣ ከጮሌ ወይም ከጎሎልቻ፣ ለሚመጣ ቤተሰብ ግን ጉዞው የትራንስፖርት ወጪንና የሥራ ቀናትን ይጠይቃል። የስንዴና የገብስ አጨዳ በሚበረታበት ወቅት አርሶ አደሩ ማሳውን ትቶ ለጥየቃ መምጣት ይከብደዋል። ቤተሰቡ በራቀ ቁጥር የታራሚው የስልክ ፍላጎት እንደሚጨምር ግልጽ ነው።

የስጋቱም ገጽታ በዚሁ አካባቢ በግልጽ ይታያል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ የነፍስ ግድያ ሲፈጸም ፍርድ ቤት ከሚሰጠው ቅጣት ጎን ለጎን በሽማግሌዎች አማካይነት የጉማ ሥርዓት ተፈጽሞ የሟችና የገዳይ ወገኖች እንዲታረቁ ይደረጋል። ይህ ዕርቅ ትዕግሥትን የሚጠይቅና በቀላሉ የሚደፈርስ ነው። ከማረሚያ ቤት በድብቅ የተደወለ አንድ የዛቻ ስልክ የሽማግሌዎቹን የብዙ ወራት ድካም መና ሊያስቀር ይችላል። ምስክርን ማስፈራራትም ተመሳሳይ አደጋ ነው። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ሲወጣ የታሰበው ምስክር ያለ ስጋት እንዲናገር ነው፤ ተከሳሹ በቁጥጥር ሥር ሆኖ ወደ ምስክሩ ቤት መደወል ከቻለ ግን ጥበቃው ትርጉም ያጣል። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ እንደ ቴሌብር ያሉ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች በመስፋፋታቸው ስልክ የመነጋገሪያ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ማስተላለፊያ መሣሪያም ሆኗል።

ስልክ ወደ ግቢ የሚገባባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ዋነኛው ስንቅ ነው። በአርሲ ደጋ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ጩኮ፣ በሶና ድፎ ዳቦ ይዞ ይመጣል። በቅቤ የተለወሰ ጩኮም ሆነ ወፍራም ዳቦ አነስተኛ ስልክ ለመሸሸግ የተመቸ ነው። ብርዱ በሚያይልበት ወቅት ደግሞ ጋቢው፣ ብርድ ልብሱና ካፖርቱ ፍተሻውን ያራዝማሉ። የጫማ ሶልና የልብስ ስፌት፣ በአጥር ላይ የሚወረወር ጥቅል፣ ለችሎት፣ ለሕክምና ወይም ለሥራ ወጥቶ የሚመለስ ታራሚም መዘንጋት የለባቸውም። ሲም ካርድ ብቻውን ከሆነ ደግሞ በደብዳቤ እጥፋት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል።

የስንቅ ፍተሻ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይሻል። የአንዱን ዳቦ የቆረጠ ቢላዋ ሳይታጠብ ወደ ሌላው ሲሻገር ከንጽሕና ጉድለት አልፎ የእምነት ቅሬታ ያስነሳል። በጾም ወቅት ቅቤ የነካ ቢላዋ ለጾመኛ ታራሚ በመጣ ምግብ ላይ መዋል የለበትም። የተለየ መቁረጫና ንጹሕ ውኃ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሲሆን በጠያቂውና በፈታሹ መካከል የሚነሳን ጭቅጭቅ ግን ይቀንሳል። የሰውነት ፍተሻን በሚመለከት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች በአንቀጽ 50 እስከ 52 ፍተሻ ሕጋዊ፣ አስፈላጊና ተመጣጣኝ ሊሆን እንደሚገባ ይደነግጋሉ። ልብስ አስወልቆ መፈተሽ የግድ ሲሆን ብቻ፣ ለብቻ በተከለለ ስፍራና በተመሳሳይ ፆታ ሠራተኛ መከናወን አለበት። በአንቀጽ 60 መሠረት የጠያቂዎች ፍተሻ ክብርን የሚያዋርድ መሆን የለበትም፤ የውስጥ አካል ፍተሻ ሊወገድ የሚገባው ሲሆን በሕፃናት ላይ ፈጽሞ አይደረግም።

ፍተሻው በጠያቂው ላይ ብቻ ካተኮረ ግን አንዱ በር ክፍት ቀረ ማለት ነው። ስልክ በግቢ ውስጥ እጥረት ያለበት ዕቃ በመሆኑ ዋጋው ከገበያው እጅግ ይንራል፤ ቁጥጥሩ በጠበቀ መጠንም ለሚያስገባው ሰው የሚቀርበው ገንዘብ ይጨምራል። ደመወዙ ዝቅተኛ ለሆነ የጥበቃ ባልደረባ ይህ ከባድ ፈተና ነው። ጥቅም ተቀብሎ ዕቃውን የሚያሳልፍ ሠራተኛ ከዲሲፕሊን ቅጣት ባሻገር በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሊጠየቅ ይችላል። ከቅጣቱ በፊት ግን መከላከያው ይቀድማል፦ ሠራተኛው የራሱን ስልክ የሚያስቀምጥበት ቁልፍ ያለው ሳጥን፣ የተረኛ ፈታሾች መቀያየር፣ ማዕረግ ሳይለይ ሁሉንም የሚመለከት ፍተሻ። አለቃው የማይፈተሽበት በር ለበታቹ ምሳሌ ሊሆን አይችልም።

በቴክኖሎጂ ረገድ የሚታሰበው በአብዛኛው ሞገድ ማፈኛ ነው። ነገር ግን ሞገድ በአጥር አይገደብም። ማረሚያ ቤቱ በመኖሪያ ሰፈር አጠገብ ከሆነ የነዋሪውን፣ የጤና ጣቢያውንና የራሱን የማረሚያ ቤቱን ግንኙነት ጭምር ሊያውክ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአገሪቱን ሞገድ የሚያስተዳድር በመሆኑ መሣሪያውን በዘፈቀደ መትከል አይቻልም። በእጅ የሚያዙ ጠቋሚ መሣሪያዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚለዩት ስልኩ በርቶ ሞገድ ሲልክ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚረክሰው ዘዴ የኤሌክትሪክ መስመርን መቆጣጠር ነው። ስልክ ያለ ኃይል አይሠራም፤ ከአምፖል ማቀፊያ የተጎተተ ሽቦ ወይም የተፈታ ማከፋፈያ ብዙውን ጊዜ ስልክ በአቅራቢያው መኖሩን ይጠቁማል።

የተያዘ ስልክ ማስረጃ እንጂ የመጋዘን ዕቃ አይደለም። የተገኘበት ክፍል፣ ቀንና ሰዓት፣ 15 አኃዝ ያለው የቀፎው መለያ ቁጥርና የሲም ካርዱ ቁጥር በመዝገብ ሲሰፍሩ ዕቃው በማን ስም እንደተገዛና በየትኛው በር እንደገባ ለማጣራት መንገድ ይከፈታል። ሳይመዘገብ በከረጢት የተጣለ ስልክ ግን ተመልሶ ወደ ግቢው ቢገባ እንኳ የሚያውቅ አይኖርም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግን ግንኙነት ስለሚያካትት የጥሪ መረጃ ማውጣትና የስልኩን ይዘት መመርመር በሕግ ሥርዓት መከናወን አለበት።

የሌሎች አገሮች ልምድ የችግሩን ስፋት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ ግዛት ከእስር ቤት ሆነው በሞባይል ትዕዛዝ የሚሰጡ የወንጀል ቡድን መሪዎች ባቀነባበሩት ጥቃትና በተከተለው ግጭት ከመቶ በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ብሪታንያ በእስር ቤቶች የሞገድ ማፈኛ ለመጠቀም እ.ኤ.አ. በ2012 የተለየ ሕግ ማውጣት አስፈልጓታል። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በሞንሜዲ እስር ቤት ከተደረገ ሙከራ በኋላ በ50,000 ገደማ የእስረኛ ክፍሎች መደበኛ ስልክ ለመትከል በ2018 ወስናለች። ታራሚው የሚደውለው ወደ ተፈቀዱለት ቁጥሮች ብቻ ነው። መንግሥት የድብቁን ስልክ ገበያ ለማቀዝቀዝ ራሱ መስመር አቅራቢ ሆነ ማለት ነው።

በኢትዮጵያም ለዚህ የሚሆን ሕጋዊ መሠረት አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ታራሚዎች ከትዳር ጓደኛ፣ ከቅርብ ዘመድ፣ ከጓደኛ፣ ከሃይማኖት አማካሪ፣ ከሐኪምና ከሕግ አማካሪ ጋር የመገናኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የማንዴላ ደንቦች አንቀጽ 58 ግንኙነቱ በተገቢ ቁጥጥር፣ በደብዳቤና ባለበት ሁሉ በቴሌኮሙኒኬሽን ጭምር እንዲሆን ይፈቅዳል። የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 1174/2012 ሲተዳደሩ አሰላን የመሰሉ የክልል ማረሚያ ቤቶች በክልሉ ሥር በመሆናቸው ዝርዝር መመሪያው ከክልሉ የሚጠበቅ ነው።

በመጋቢት 2012 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የታራሚዎች ጥየቃ ሲታገድና 4,011 ታራሚዎች በይቅርታ እንዲለቀቁ ሲወሰን የሕጋዊ መስመር አስፈላጊነት በግልጽ ታይቷል። ጠያቂ በማይገባበት ጊዜ ቤተሰቡ የወገኑን ደኅንነት የሚያረጋግጠው በድምፅ ብቻ ነው።

ለእንዲህ ያለ መስመር የሚያስፈልገው ዝግጅት ውስብስብ አይደለም፦ በቅድሚያ የተጣሩና የተመዘገቡ ጥቂት የቤተሰብ ቁጥሮች፣ የተወሰነ የመደወያ ሰዓት፣ ከሕግ አማካሪ ጋር ለሚደረግ ምክክር ጆሮ የማይገባበት ቦታ፣ እንዲሁም የምስክርና የተበዳይ ቁጥሮች እንዳይደወልባቸው የሚያግድ ዝርዝር። በአርሲ ደግሞ ጥሪውን የሚከታተለው ባልደረባ አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚሰማ ሊሆን ይገባል፤ ያለዚያ ክትትሉ በወረቀት ላይ ይቀራል።