የነጭ ሣር ሜዳና የአንዲት ክንፍ ታሪክ

ስለ ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ የተጠየቀ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ስለ አዞው ነው። እኛም የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ የሚሆን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ወደዚያ ስንሄድ በልባችን የነበረው የጫሞ ሐይቅ አዞና ጉማሬ ብቻ ነበረ። ተመልሰን ስንመጣ ግን ያሳሰበን ሌላ ነገር ሆኖ ስለ ተገኘ አዞውን ለሌላ ጸሓፊ ትተንለታል። ዓመቶቹን የጻፍናቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የጭነት መኪናችን ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ያለውን፥ ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ የሚለውን ኮረብታማ መሬት ለማለፍ ብዙ ሰዓት ፈጀበት። መንገዱ ድንጋይ ብቻ ስለ ሆነ ሁለት ጊዜ ወርደን በእግራችን ሄድን። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ድንገት ተገለጠልን። ሣሩ ሲደርቅ ከሩቅ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ የፓርኩ ስም የመጣው ከዚሁ ነው። የሜዳ አህዮች በመንጋ ቆመው አዩን፤ እኛም ጠግበን አየናቸው።

ያላየነው ቆርኬን ነው። ስዌይን በሚባለው እንግሊዛዊ መኮንን ስም የሚጠራው ይህ የቆርኬ ዘር ቀድሞ በሶማሌ ምድር ጭምር በብዙ መንጋ ይሰማራ ነበር። አያቶቻችን ክፉ ቀን በሚሉት ዘመን፥ ከ1888 እስከ 1892፥ የቀንድ ከብቱን የፈጀው የደስታ በሽታ ቆርኬውንም አብሮ ፈጀው። ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ፓርኩ በተቋቋመበት በ1974 ከሰንቀሌ ተይዞ በመኪና ወደዚህ ሜዳ ተዛወረ፤ ነገር ግን ቊጥቋጦው ሣሩን እየወረሰው፥ ሰውና ከብትም እየበዛ ሲሄድ ቊጥሩ በጣት የሚቈጠር ሆነ።

በሰውም በኩል ያለው ታሪክ ቀላል አይደለም። በ2004 በሜዳው ይኖሩ የነበሩ ኮሬዎች ተነሥተው በሌላ ስፍራ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ ከጉጂዎችም ቤታቸው የተቃጠለባቸው ነበሩ። ከብቱን ከአባቱ የወረሰ ሰው ግጦሹ የእንስሳት ብቻ ነው ሲባል እንዴት እንደሚሰማው ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እኛ በመካከላችን ብዙ ተከራከርንበት፤ አልተስማማንምም።

ከሁሉ ያስደነቀን ግን የአንዲት ወፍ ነገር ነው። በ1990 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች በዚሁ ሜዳ መንገድ ላይ መኪና የጨፈለቃት፥ በሌሊት እየበረረች ነፍሳትን የምትለቅም ወፍ አገኙ። ሥጋዋ ፈርሶ ስለ ነበረ ክንፏን ብቻ ይዘው ሄዱ። ሊቃውንቱ ያንን ክንፍ ካላቸው ወፍ ሁሉ ጋራ ቢያስተያዩት የሚመስለው ጠፋ። ስለዚህ በ1995 አዲስ ዘር ናት ብለው ስም አወጡላት፤ ስሟም በላቲን «ብቸኛ ክንፍ» ከሚሉት ቃላት የተሠራ ነው። በ2009 ሌሎች ሰዎች በሕይወት ሳለች አየናት ብለዋል። እንግዲህ በአጠገባችን ያለችውን ወፍ ዓለም ያወቃት በመኪና ተረግጣ ነው።

ማታ ስንመለስ ከተማይቱ ስሟን ባገኘችባቸው ምንጮች ዙሪያ ባለው ጫካ አለፍን። ከሾላው ዛፍ ሥር የሚፈልቀው ውሃ የከተማው መጠጥ ነው። አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ከዚያው ሲወጡ አገኘናቸውና ከእኛ አንዱ፥

«እማማ፥ ጫካው ቢያልቅ ምንጩም ይደርቃል እኮ!» አላቸው።

ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆሙና፥ «ዐውቃለሁ ልጄ፤ አንተ ዛሬ ምሳህን የበላኸው በምን በስሎ ነው?» አሉት።

ትምህርት ቤት ስንደርስ ወጥ ቤቱ በር ላይ የተከመረውን እንጨት አየን። ከየት እንደ መጣ ወጥ ሠሪዋን የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።