ባቡሩ ሆሳዕና አልደረሰም፤ ሰዉ ግን ሐዲዱ ጋ ደርሷል

ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ አንጋጫ፣ ሾኔ። ከእነዚህ ከተሞች አንዱም የባቡር ፉጨት ሰምቶ አያውቅም። ግን የሐድያና የከምባታ ሰው ታሪክ ያለበት አንድ አሮጌ የባቡር ጣቢያ አለ፤ መተሐራ።

ነገሩ የሚጀምረው 1886 ዓ.ም ላይ ነው። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። «ለገሃር» እና «ፉርጎ» የሚሉት ቃላትም ከፈረንሳይኛው ጋር አብረው የመጡት ያኔ ነው። መስመሩ ነጠላ ስለነበር በየመሀሉ ትንንሽ ጣቢያዎች የግድ ነበሩ፤ የሚወጣውና የሚወርደው ባቡር የሚተላለፉባቸው፣ በእንፋሎቱ ዘመን ደግሞ ውሃ የሚቀዳባቸው። መተሐራም በከረዩ አርብቶ አደሮች ምድር ከእነዚህ አንዷ ሆነች።

ከዚያ ሸንኮራ መጣ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ መተሐራ ላይ ሌላ ፋብሪካ ቆመ። ከረዩ የግጦሽ መሬቱን አጣ። ለቆረጣው ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ጉልበት ተፈለገ።

ጉልበቱ በብዛት የመጣው ከከምባታና ከሐድያ ነው። እዚያ ሰዉ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው። ቤተሰቡን የሚያኖረው የጓሮው እንሰት ቢሆንም ግብር የሚከፈለው በቆጮ ሳይሆን በብር ነው። ቆረጣው ክረምቱ ሲወጣ ይጀመራል፣ ዝናብ ሲመለስ ይቆማል። ስለዚህ ወንዱ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ሴቷ እንሰቱን እየፋቀች ቤቱን ትይዛለች። ከደጋ ለመጣ ሰው የአዋሽ ሙቀትና ወባ ቀላል አልነበሩም። የተመለሰም አለ፣ ካምፕ ውስጥ ልጅ ወልዶ የቀረም አለ።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአሮጌው ባቡር ጉዞ ወደ አዲስ አበባ ቆመ። በ2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በራሱ ሐዲድ፣ በራሱ ጣቢያዎች ተመረቀ። እዚያው አጠገብ የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 አልፏል፤ መንገዱንና አሮጌውን ሐዲድም ሲገፋ ኖሯል።

የጣቢያዎቹ ታሪክ ሲነገር ምኒልክና ኢልግ አይቀሩም። ቆራጮቹ ግን የሉበትም፤ የእነሱ ታሪክ ያለው በየቤቱ ነው። ለያሆዴ ወይም ለመሳላ አገር ቤት ስትገቡ አያቶቻችሁን «ቆረጣ ሄደው ያውቃሉ?» በሏቸው። መልሱን ጻፉት፤ የሚያስታውሱት ሰዎች እያረጁ ነው።