ከማለዳ እስከ ቼልሲ፦ የናኦሚ ግርማ መንገድ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የለንደኑ ቼልሲ ለአንዲት የ24 ዓመት የመሀል ተከላካይ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በሴቶች እግር ኳስ የአንዲት ተጫዋች የዝውውር ዋጋ ከሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። ክብረ ወሰኑን ከአንድ ዓመት በፊት የያዘችው ዛምቢያዊቷ አጥቂ ሬቸል ኩንዳናንጂ ነበረች። የዝውውር ገበያው ግብ ለሚያገቡ ሲያደላ ኖሯል፤ ይህን ክብረ ወሰን የሰበረችው ግን ግብ እንዳይገባ የምትከለክል ተጫዋች ናት። በማሊያዋ ጀርባ የተጻፈው ደግሞ የአባቷ ስም ነው፤ ግርማ።

ናኦሚ ግርማ የተወለደችው በጁን 2000 በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ከተማ ነው። አባቷ ግርማ አወቀና እናቷ ሰብለ ደምሴ በደርግ ዘመን፣ በ1980ዎቹ፣ ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ናቸው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ተመሥርቶ በየዓመቱ በጁላይ ወር አካባቢ የሚካሄደውን ውድድር የጀመረውም በዚያው አስር ዓመት፣ በ1984 ነው። ለስደተኛው ኳስ ሜዳ ወገን መጠያየቂያ፣ ልጅ ከአገር ልጅ ጋር ማስተዋወቂያ ነበር። በሳን ሆዜም አባቷ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው «ማለዳ» የተባለውን ቡድን አቋቋሙ። የእረፍት ቀን ሲሆን ቤተሰቡ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ልጆቹ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ተደባልቀው ይጫወታሉ፤ ወላጆች ዳር ሆነው ይጨዋወታሉ። ናኦሚ ኳስን የለመደችው እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ የጠበቃት መሰላል ግን እሷ ሳትወለድ በሕግ የተሠራ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1972 ያጸደቀው የትምህርት ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ማንኛውም ትምህርት ቤት በጾታ እንዳያዳላ ከለከለ። ኮሌጆች ለወንዶች ብቻ ይመድቡት የነበረውን ሜዳ፣ አሰልጣኝና ነጻ የትምህርት ዕድል ለሴቶችም ማካፈል ጀመሩ። ቅርጫት ኳስ ቀድሞ ተጠቀመ፤ ብሔራዊው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር በ1982 የሴቶችን ሻምፒዮና ጀመረ፤ በ1997 ደግሞ ከኮሌጅ የወጡትን የሚቀበለው ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ደብሊው ኤን ቢ ኤ፣ የመጀመሪያ ጨዋታዎቹን አካሄደ። እግር ኳስም ያንኑ መንገድ ተከተለ፤ ዛሬ ያለው የአሜሪካ የሴቶች ሊግ ጨዋታ የጀመረው በ2013 ነው።

ናኦሚ በ2018 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በ2019 የኮሌጆች ፍጻሜ ከሰሜን ካሮላይና ጋር ተገናኙ። ጭማሪ ሰዓቱም አልቆ 0 ለ 0 ስለነበር ወደ መለያ ምት አመሩ፤ ግብ ጠባቂዋ ኬቲ ሜየር ሁለት ምቶች አድና ስታንፎርድ 5 ለ 4 አሸነፈ። በ2020 የናኦሚ የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። ብዙ ተጫዋች ከሜዳ የሚያስቀር ጉዳት ነው። እሷ ግን ተማሪም ስለነበረች ትምህርቷን ቀጠለች፤ ያጠናችው ኮምፒውተርን፣ ፍልስፍናን፣ የቋንቋ ጥናትንና ሥነ ልቦናን የሚያጣምር ዘርፍ ነው። ስታገግምም ቡድኗ ቦታዋን ይዞ ጠበቃት።

በ2022 የተጫዋቾች ምርጫ ሳን ዲዬጎ ዌቭ ከሁሉም አስቀድሞ መረጣት። በመጀመሪያ የውድድር ዘመኗ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይም ተባለች፤ የተከላካይነቱን ሽልማት በ2023 ደገመችው። የዚያው ዓመት የአሜሪካ ምርጥ ሴት ተጫዋች ሆና ስትመረጥ፣ ሽልማቱ ለተከላካይ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። በመካከሉ፣ በማርች 2022፣ የቅርብ ጓደኛዋን ኬቲ ሜየርን በሞት አጣች። የ2023ቱን የዓለም ዋንጫ ለእሷ መታሰቢያ አድርጋ ወጣቶች ስለ አእምሮ ጤና በግልጽ እንዲናገሩ ቀሰቀሰች።

አጨዋወቷን ለይቶ ማየት የሚሻ የ2024ቱን የፓሪስ ኦሎምፒክ ይመልከት። አጥቂ ኳስ ይዛ ስትመጣባት ናኦሚ ተቻኩላ እግሯን አትዘረጋም። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እያለች አጥቂዋን ወደ መስመሩ ትገፋታለች፤ ኳሱ ከአጥቂዋ እግር ትንሽ ሲርቅ በሰውነቷ መሀል ገብታ ትወስደዋለች። ወዲያው ቀና ብላ ለአማካይ ታቀብላለች። አሜሪካ በስድስት ጨዋታ የተቆጠረባት 2 ግብ ብቻ ነው። ከሩብ ፍጻሜው ጀምሮ ጃፓንን፣ ጀርመንንና ብራዚልን እኩል 1 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ሁለቱ ጨዋታዎች ጭማሪ ሰዓት ስለነበራቸው 330 ደቂቃ ግብ አልገባባትም። አሰልጣኟ ኤማ ሄይስ ከእሷ የሚበልጥ ተከላካይ አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። ናኦሚም የወርቅ ሜዳሊያ አጠለቀች።

አገር ቤት ያደጉት መሰላሉን በሌላ መንገድ ወጥተዋል። የዱራሜዋ ሎዛ አበራ ሐዋሳን፣ ደደቢትንና ንግድ ባንክን ከመሳሰሉ ክለቦች ተነስታ በስዊድንና በማልታ ተጫውታ በ2024 የዋሽንግተኑን ዲሲ ፓወር ተቀላቀለች። የሎዛን ችሎታ ያሳደጉት ክለቦች ናቸው፤ ክለብ በሌለበት ያለች ልጅ ግን መነሻ የላትም።

በሰሜን ጎንደር ዞን በበየዳ ወረዳ ይህ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ከድል ይብዛ አካባቢ ለትምህርት ወደ ከተማ የወረደች ልጃገረድ ቤት ተከራይታ፣ ከቤተሰብ በሚላክላት ስንቅ ትማራለች። ኳስ የምትወድ ብትሆን «ትምህርቱ ይሻልሻል» ትባላለች፤ ምርጫው ከሁለት አንዱ ስለሚመስል ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው። ሁለቱ በአንድ ግቢ ሊኖሩ እንደሚችሉ ግን የናኦሚ ሕይወት አሳይቷል። የዞኑ ከተማ ደባርቅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት። ዩኒቨርሲቲው፣ የዞኑ ስፖርት መምሪያና የደባርቅ፣ የዳባትና የበየዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተነጋግረው የሴት ተማሪዎች የእግር ኳስና የቅርጫት ኳስ ውድድር ቢያቋቁሙ፣ ጎበዝ ለሆኑትም የማደሪያና የምግብ ድጋፍ ቢመድቡ፣ ሥራው በሚቀጥለው መስከረም ትምህርት ሲከፈት ሊጀመር ይችላል።